የላንድሮቨሩ ውሃ ለምን ይፈላል?

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከሞተሩ አጠገብ ውሃ የሞላ በርሜል ቆሞ አይታችሁ ይሆናል። በርሜሉ በሁለት ቱቦ ከሞተሩ ጋር ተያይዟል። ወፍጮው ሲሠራ ቆይቶ የበርሜሉን ላይኛ ክፍል በእጃችሁ ብትነኩት ይሞቃል፤ ታችኛው ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለምን ይመስላችኋል? ሞተሩ ሙቀቱን ለውሃው ስለሚሰጥ ነው። የሞቀው ውሃ በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው በታችኛው ቱቦ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል።

የመኪናም ሞተር እንዲሁ ነው። ነገር ግን መኪና በርሜል ተሸክማ መሄድ አትችልም። ስለዚህ በበርሜሉ ፈንታ ከፊቷ ራዲያተር አላት። ራዲያተር በቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራ የውሃ ማቀዝቀዣ ነው። ውሃውን ፓምፕ ይገፋዋል፤ ነፋሱን ማራገቢያው ይስበዋል። በአሮጌ ላንድሮቨር ሁለቱንም የሚያዞራቸው ቺንጋ የሚባለው የጎማ ጠፍር ነው። ከነዳጁ ሙቀት ለጉዞ የሚውለው ከአራት እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ከቀረው ብዙው በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ሌላውን ውሃው ተሸክሞ ማስወጣት አለበት። ካልቻለ ይፈላል።

ላንድሮቨር ለዓለም መጀመሪያ የታየችው በ1940 ዓ.ም. አምስተርዳም በተባለ የአውሮፓ ከተማ ነው። እንግሊዞች ሲሠሯት ለገበሬ ሥራ ብለው ነበር። ጠንካራ ናት፤ አሮጌዎቹም ዛሬ ድረስ ይሠራሉ። ሆኖም የሚጠብቃት ሰው ያስፈልጋታል።

በአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ምጥ የጠናባት ሴት ይዘን ወደ ዱራሜ ስንወጣ የሆነውን ልንገራችሁ። የሐምበሪቾ ተራራ ከሩቅ ይታየን ነበር። ሾፌሩ በየወንዙ እየቆመ ውሃ ይጨምራል። «ውሃ ትወዳለች እንጂ ደህና ናት» ይለናል። ሦስተኛው ዳገት ላይ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ቡልቅ አለ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና እጁን በጨርቅ ጠቀለለ።

«ተው ልጄ፣ ትንሽ ትረፍ» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«ምንም አይል አባባ፣ ለምጄዋለሁ» አለና የራዲያተሩን ክዳን ከፈተው።

ውሃው ተስፈንጥሮ ፊቱንና ክንዱን ላጠው። አንድ ሰው ልናሳክም ተነስተን ሁለት ታማሚ ይዘን መንገድ ላይ ቀረን። ሴትየዋን የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አደረሷት። በሰላም ወለደች። የረዳቱ ክንድ ግን ጠባሳው አልጠፋም።

ውሃው ለምን ተስፈነጠረ? በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ዱራሜ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል እዚህ በክፍት ድስት ያለ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚሁ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግን ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። የታፈነ ውሃ ከዚህ በላይ ቢግልም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲከፈት ባንዴ ይፈላና ይወጣል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ክዳኑ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም፣ ከዚያ በላይ ቢፈጅም ይፈጃል። በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ሌላ ጥፋት ነው። የጋለ የሸክላ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብትደፉ ምን ይሆናል? የሞተሩም ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል።

እንግዲህ ውሃ መጨመር መድኃኒት አይደለም፤ መፍላቱም ምልክት ነው እንጂ በሽታው ሌላ ነው። ሐኪም «መቼ መቼ ነው የሚያምህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ መኪናንም እንዲሁ መጠየቅ ነው። ገበያ መሐል ሞተሯ እየሠራ ቆማ የምትግል፣ ሜዳ ላይ ስትሮጥ የምትበርድ ከሆነ ነፋስ አጥታለች። ያን ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ደህና ነው፤ በጣም ከረገበ ላልቷል። የላላ ቺንጋ ይንሸራተታል፤ ማራገቢያውም ፓምፑም ይሰንፋሉ። የዚያች የኛ መኪና በሽታ ይኸው ነበር! ብሎኑን አላልቶ፣ ዲናሞውን ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቺንጋው ጨርሶ ከተበጠሰ ዲናሞውም ስለሚቆም ከሾፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል። ወዲያው መቆም ነው።

ቆማ ደህና ሆና ረጅም ዳገት ላይ የምትግል ከሆነ ደግሞ ራዲያተሩ ሳይደፈን አልቀረም። ከውጭ ጭቃና ገለባ ይደፍነዋል፤ ከውስጥ ዝገትና ደለል። ውሃ የሚፈላበት ዕቃ ውስጡ ነጭ ነገር ሲጋገርበት አይታችሁ የለ? በራዲያተሩም ቱቦዎች እንዲሁ ይጋገራል። በየወንዙ ድፍርስ ውሃ መጨመር ነገሩን ያብሰዋል። ከጣራ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

ውሃው በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ ጠዋት ከመኪናዋ ሥር መሬቱን ማየት ነው። እርጥብ ከሆነ ቱቦ ወይም ፓምፕ ያፈሳል። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከጎደለስ? የዘይት መለኪያውን መዝዞ ማየት ነው። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው። ይህ የመካኒክ ሥራ ነውና መኪናዋ አትነሳም።

ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ በርም አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይዘጋል፤ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ያሳልፋል። ብዙ ሾፌሮች አውጥተው ይጥሉታል። እኔ አልስማማም። ያለ እሱ ሞተሩ በደጋ ብርድ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅም ይበላል። ተበላሽቷል ብለው ከጠረጠሩ በክር አንጠልጥሎ ድስት ውስጥ ውሃ ማፍላት ነው። ውሃው ሲግል ከተከፈተ ጤነኛ ነው፤ ካልተከፈተ ይለወጥ።

ያ ሾፌር አሁን ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ሳይጫን አይነሳም። ረዳቱ ሥራውን ትቶ እርሻ ገብቷል።