ቢያፈሉትም የማይጠራ ውኃ

የሚጠረጠር ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚለውን ምክር ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል። ምክሩ ለተውሳክ ትክክል ነው። ናይትሬት ለሚባለው ነገር ግን አይሠራም፤ እንዲያውም ውኃው ሲፈላ ከፊሉ ይተንና ናይትሬቱ በቀረው ውስጥ ይበረታል። ቀለም፥ ሽታና ጣዕም ስለሌለው ያለ ምርመራ የሚያውቀው የለም።

በሕፃናት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በግልጽ የጻፉት በአሜሪካ አገር በአዮዋ ግዛት የነበሩት ሐኪም ዶክቶር ሃንተር ኮምሊ ናቸው። በ1945 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ባወጡት ጽሑፍ፥ ሰውነታቸው ወደ ሰማያዊ የተለወጠ ሕፃናት የታመሙት ወተታቸው በተበጠበጠበት የጉድጓድ ውኃ ምክንያት መሆኑን አስረዱ። ናይትሬቱ በሆድ ውስጥ ናይትራይት ይሆናል፤ ናይትራይቱም ደም ውስጥ ሲገባ ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ይሳነዋል፤ ስለዚህ ሕፃኑ አየር እየሳበ ይታፈናል። አደጋው የሚብሰው ስድስት ወር ላልሞላቸው ነው። ጡት ብቻ የሚጠባውን ግን እምብዛም አያገኘውም።

ይህ ከተጻፈ ሰማንያ ዓመት ሆነው። የዚያው ግዛት ዋና ከተማ ደ ሞይን ግን ከናይትሬት ጋራ ትግሏን አልጨረሰችም። ውኃዋን የምትቀዳው ከራኩንና ከደ ሞይን ወንዞች ሲሆን፥ ከከተማዋ በላይ በቆሎና አኩሪ አተር የሚዘራበት ሰፊ እርሻ አለ። ሰብሉ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያና ፍግ በዝናብ ታጥቦ፥ ከማሳው ሥር በተቀበሩት ማፋሰሻ ቧንቧዎች አልፎ ወንዝ ይገባል። ገበሬውም ቢሆን በገንዘቡ የገዛውን ወንዝ ሲወስድበት ትርፉ አይታየንም።

የአሜሪካ ሕግ የሚፈቅደው፥ በናይትሮጅን ሲለካ፥ በአንድ ሊትር 10 ሚሊግራም ነው። የከተማዋ የውኃ ድርጅት ከዚህ እንዳያልፍ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወጪው የበዛ የናይትሬት ማጣሪያ አቆመ። በ2015 በላይ በኩል ያሉትን የሦስት አውራጃዎች የማፋሰሻ ኀላፊዎች ከሰሰ፤ በ2017 ክሱ ተሰረዘበት። በሰኔ 2025 የወንዞቹ ናይትሬት እጅግ ስለ በረታ፥ ማጣሪያው የሚችለው እንዳያንስ ተብሎ ነዋሪው የግቢውን ሣር ውኃ እንዳያጠጣ ተከለከለ። አጥፊው ሌላ፥ ከፋዩ ጠጪው መሆኑ ፍርድ አይመስለንም።

ወሰኑ የተቈረጠው ለሕፃናት ታስቦ ነው። ነገር ግን በዴንማርክ በ2018 የወጣ፥ 2.7 ሚሊዮን ሰው የተመለከተ ጥናት፥ ከዚህ ወሰን እጅግ ያነሰ ናይትሬት ያለበትን ውኃ ለረጅም ዘመን በጠጡ ዐዋቂዎች ላይ የትልቁ አንጀት ነቀርሳ በዝቶ መገኘቱን ገልጧል። መንስኤው ናይትሬቱ ብቻ ለመሆኑ ጥናቱ የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። የአሜሪካ ወሰን ግን ከዚያ በኋላም 10 እንደ ሆነ ቈይቷል።