ከነፃነት ማግስት፦ የሰው ንግድ ተጎጂዎችን ማስጣልና ማቋቋም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አሶሳ ብዙ መንገደኛ የሚተላለፍባት የጠረፍ ከተማ ናት። በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ጦርነት የሸሸ ቤተሰብ ይገባል፤ በዚያው በኩል ሱዳንን አቋርጦ ወደ ሊቢያ ለመዝለቅ ያሰበ ወጣት ይወጣል፤ ከሌላ ክልል የመጣ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ወርቅ ወደሚታጠብባቸው ቀበሌዎች ያቀናል። ዘመድ የሌለው፣ ወረቀት ያልያዘና ገንዘቡን የጨረሰ መንገደኛ በሚበዛበት ቦታ ሁሉ ደላላ አይጠፋም። ስለ ሰው ንግድ ሲወራ ግን ሰሚው የሚጠብቀው ሁለት ዜና ብቻ ነው፦ ደላላው ተያዘ፣ ተጎጂው ተለቀቀ። ሁለቱም የምሥራች ናቸው። ሆኖም የዚህ አካባቢ የመቶ ዓመት ታሪክም ሆነ የዛሬው አሠራር የሚያሳዩት፣ ከባርነት የወጣ ሰው ነፃነት የሚጸናው ከተለቀቀ በኋላ የሚኖርበት፣ የሚሠራበትና የሚታመንበት ቦታ ሲያገኝ ብቻ መሆኑን ነው። ማቋቋም ማስጣሉ ካለቀ በኋላ የሚጨመር በጎ አድራጎት ሳይሆን የማስጣሉ የራሱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ታሪኩን ከዚሁ ከአሶሳ መጀመር ይቻላል። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ቤኒሻንጉልን ለአፄ ምኒልክ ግዛት ካስገበረ በኋላ፣ የአካባቢው ገዥዎች ለማዕከሉ ወርቅም ባሪያም ይገብሩ ነበር። ከእነርሱ መካከል ገናና የነበሩት የአሶሳው ገዥ ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን ናቸው። ባለቤታቸው ሲት አምና ደግሞ ሰዎችን ወደ ሱዳን እያሻገሩ በመሸጥ ይታወቁ ስለነበር፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1928 ሱዳን ውስጥ ያዟቸው። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ በቤኒሻንጉልና በጉሙዝ ስለነበረው የባሪያ ንግድ ባሳተሙት ጥናት ንግዱ በጠረፍ ላይ እንዴት እንደተደራጀ በዝርዝር አሳይተዋል። በዚሁ ዘመን ሕግ አልጠፋም ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባሮች ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚወጡበትን ደንብ አወጡ፤ በ1923 ዓ.ም. ደንቡ ጠበቀ፤ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ ተሻረ። ነፃ የወጡ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቶ ነበር። ዳሩ ግን ነፃ ለወጣው ገበሬ መሬት፣ ነፃ ለወጣችው ሴት ጎጆ የሚሰጥ ሥርዓት በአገሪቱ አልተዘረጋም። ብዙዎች መሄጃ ስላልነበራቸው በቀድሞ ጌቶቻቸው ደጅ ጭሰኛ ወይም አሽከር ሆነው ቀሩ። አዋጁ ስማቸውን ቢለውጥም እንጀራቸው ከዚያው እጅ መምጣቱን አላቆመም።

የዛሬው ሕግ ከዚያኛው እጅግ የተሻለ ነው። ኢትዮጵያ የሰው ንግድን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት የፓሌርሞ ፕሮቶኮል በ2004 ዓ.ም. ተቀብላለች። በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 909ን አውጥታለች፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178 ተክታዋለች። አዲሱ አዋጅ በሰው የሚነግድን በጽኑ እስራት ከመቅጣት አልፎ ተጎጂዎች ጥበቃ፣ ድጋፍና መልሶ መቋቋም እንዲያገኙ ይደነግጋል። ሥራው ግን ወንጀሉ በብዛት ወደሚፈጸምበት ጠረፍ ገና በሚገባ አልደረሰም። የተጎጂዎች መጠለያና የሥነ ልቦና ሕክምና በአብዛኛው የሚገኙት በአዲስ አበባና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች ነው። ኩርሙክ ላይ ከደላላ እጅ የተላቀቀች ልጅ ሊደርሱላት የሚችሉት ፖሊስ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ፣ ጤና ጣቢያና ምናልባት አንድ የረድኤት ድርጅት ናቸው። እነዚህ በአንድ መዝገብ ካልተገናኙ ልጅቷ በደረሰችበት ቢሮ ሁሉ ያንኑ ጭንቅ ከሥሩ እንድትተርክ ትገደዳለች።

በክልሉ ለዚህ ወንጀል የተጋለጠው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፤ መፍትሔውም እንደዚያው ይለያያል። የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የባምባሲና የጾሬ ጣቢያዎች ደግሞ ከዚያ በኋላ ስደተኞችን ሲያስጠልሉ ቆይተዋል። በ2014 ዓ.ም. በቶንጎና በጉሬ ሸምቦላ ጣቢያዎች የነበሩ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች በጸጥታ መደፍረስ ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደዱ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በኩርሙክ አዲስ ሕዝብ ገባ፤ በኋላም ኡራ የተባለ ሌላ ሰፈራ ተከፈተ። ለእነዚህ ሰዎች «ወደ አገራችሁ ተመለሱ» የሚባለው የተለመደ መፍትሔ አይሠራም፤ አገራቸው እየነደደች ነውና። ስለዚህ ለስደተኞች የሥራ ፈቃድና የመንቀሳቀስ መብት በር የከፈተው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1110 በተግባር መተርጎሙ ራሱ የሰው ንግድ መከላከያ ነው። በመተከልና በካማሺ ዞኖች ግጭት የተፈናቀለው ደግሞ ከሁሉ በፊት ሰላምና ማሳው ይመለሱለት ዘንድ ይሻል። ከዓረብ አገር ወይም ከሱዳን የተመለሰው ወጣት ጉዳይ ከእነዚህ ይለያል፤ እርሱ አገርና ቤተሰብ አለው፣ ግን ባለዕዳ ሆኖ ነው የሚገባው።

የማቋቋም ሥራ የት እንደሚሰበር በግልጽ የሚታየው በዚህ የመጨረሻው ላይ ነው። ተመላሹ የያዘው ኤምባሲ የሰጠው ሊሴ ፓሴ (የመመለሻ ጉዞ ሰነድ) ብቻ ሊሆን ይችላል። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ነዋሪነቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጠየቃል፤ መታወቂያ ከሌለው የባንክ ሂሳብ አይከፍትም፤ ሂሳብ ከሌለው ብድር የለም። ከቁጠባና ብድር ተቋም ለመበደርም የቡድን ዋስትና ያስፈልጋል። ዓመታት ርቆ ለቆየ፣ «ሳይሳካለት ተመለሰ» ተብሎ ለሚታማ ሰው ማን ዋስ ይሆናል? በዚህ ላይ ለመንገዱ በሬ የሸጠው ወይም በወለድ የተበደረው ቤተሰብ ገንዘቡን ይጠብቃል። አበዳሪው ደጅ እየተመላለሰ ባለበት ቤት የሦስት ወር ልብስ ስፌት ሥልጠና የሚያዘልቅ አይደለም። «ዕዳህን እዚያ ሠርተህ ትከፍላለህ» የሚለው ደላላ የሚደመጠው ለዚህ ነው። ወጣቱ አደጋውን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የጎደለው መረጃ ሳይሆን ሌላ መውጫ ነው።

አንዳንዱ «ዋናው ደላላውን ማሰር ነው፤ እርሱ ከታሰረ ተጎጂ አይኖርም» ይላል። ደላላውን ማሰር ተገቢ ነው። ነገር ግን ክሱ የሚቆመው በምስክር ነው፤ ምስክሩም ተጎጂው ራሱ ነው። ማረፊያ የሌላት፣ ከደላላው ዘመዶች ጋር በአንድ ቀበሌ የምትኖር ሴት ፍርድ ቤት ቆማ እንድትናገር መጠበቅ ይከብዳል። መጠለያና ክትትል ዐቃቤ ሕጉ ምስክሩን ይዞ እንዲቆይም ያስችላሉ። ክልከላ ብቻውን ምን እንደሚያመጣም አይተናል። ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በተመለሱበት በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዓረብ አገራት ለሥራ መሄድን አግዶ ነበር። እገዳው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሳ ድረስ ጉዞው አልቆመም፤ ከኤጀንሲ ወደ በረሃ መንገድና ወደ ደላላ ዞረ እንጂ።

ሌላው «ወደውና ፈቅደው ሄዱ፤ ለሄደ ሰው ድጋፍ መስጠት ሌላውን ማበረታታት ነው» ይላል። ለመሄድ መፍቀድና ለመታገት፣ ለመደብደብ ወይም ያለ ደመወዝ ለመሥራት መፍቀድ ግን አንድ አይደሉም። የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ፈቃድ ዋጋ እንደሌለው በግልጽ አስቀምጧል። ለጥቂት ሺህ ብር መቋቋሚያ ብሎ ሊቢያ ውስጥ የሚታገት ሰውም የለም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፦ በድሃ ክልል ውስጥ ሳይሄድ የቀረው ጎረቤትም ሥራ አጥ ሆኖ ሳለ ለተመላሹ ብቻ መስጠት ፍትሕ ነውን? ጥያቄው እውነት አለው። ተመላሹን ለይቶ በሬ መግዛት ቅሬታ ያስነሳል፤ የደረሰበትንም በአደባባይ ያሳብቅበታል። ስለዚህ ሕክምናውና የሕግ ድጋፉ በምስጢር ለተጎጂው ብቻ ይሰጥ፤ የሥራ ዕድሉ ግን ተመላሹና ያልሄደው ጎረቤት አብረው የሚገቡበት ማኅበር ይሁን። ዋስ ያጣውም ዋስ የሚያገኘው እንዲህ ካለው ማኅበር ነው።

እንግዲህ በአሶሳ የሚያስፈልገው ነገር ውስብስብ አይደለም። የክልሉ ተጎጂዎች አዲስ አበባ ሳይላኩ የሚያርፉበት መጠለያ በከተማዋ ይኑር፤ ሠራተኞቹም አማርኛ ብቻ ሳይሆን የበርታን፣ የጉሙዝንና የዓረብኛን ቋንቋ የሚችሉ ይሁኑ። ቀበሌዎች ለተመላሽ መታወቂያ በአጭር ጊዜ ይስጡ። ከሥልጠናው በፊት የቤተሰቡ ዕዳ ይታይ፤ ከአበዳሪው ጋር በሽማግሌ ፊት የመክፈያ ጊዜ ይቆረጥ። ከሁሉም በላይ፣ ሪፖርት የሚጻፍበት መለኪያ ይለወጥ። «ይህን ያህል ሰው አስጣልን» ከሚለው ቁጥር ጎን «ከእነዚህ መካከል ከዓመት በኋላ በሥራ ላይ ያሉት፣ ዕዳቸው የቀለለላቸውና ዳግም ያልሄዱት ስንት ናቸው?» የሚል ጥያቄ ይስፈር። የ1916ቱ ደንብ ይህን አልጠየቀም፤ የ2012ቱ አዋጅ ግን መልሶ ማቋቋምን በሕግ ግዴታ አድርጎታልና፣ ክልሉም ሆነ የፌዴራሉ መንግሥት መልሱን ለመስጠት በጀት መመደብና ሰው መሾም አለባቸው።