በአንድ ኪስ ውስጥ ያለ የሦስት ሰው ገንዘብ

ደብተርና እርሳስ በአጠገባችሁ ከሌለ ከልጆቹ ተዋሱና ተቀመጡ። የዛሬው ትምህርታችን እየተጻፈ ካልሆነ በጆሮ ብቻ አይያዝም። የምንነጋገረው አነስተኛ ንግድ ያለው ሰው ለሻጩ ኮሚሽን እንዴት እንደሚከፍልና የታክስ ደረሰኝ እንዴት እንደሚቆርጥ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በማታ ክፍል ከማስተምራቸው ጎልማሶች መካከል አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ አሉ። አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራሉ። ገዢ የሚያመጣላቸው አንድ የሰፈር ወጣት ነው፤ ከመቶ አምስት ኮሚሽን ያገኛል። ሁለቱም ሰው የማይበድሉ ናቸው። ታዲያ አንድ ምሽት እኒሁ አባት የሒሳብ ደብተራቸውን ይዘው መጡና፣ «መምህር፣ ሥራው ሞልቷል፤ ታክስ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ግን ገንዘቡ የለም። ማን ወሰደው?» አሉኝ።

ቁጭ ብለን ደብተሩን ገጽ በገጽ አየነው። ሌባ አላገኘንም። የሦስት ሰው ገንዘብ በአንድ ኪስ ገብቶ ተቀላቅሎ ነበር። እሳቸውም የራሳቸው መስሏቸው ጣውላ ገዝተውበት፣ የቤት ኪራይ ከፍለውበት ኖሯል።

እንግዲህ ሦስቱ እነማን ናቸው? አንደኛው የዕቃው ባለቤት፣ ሁለተኛው ኮሚሽን የሚያገኘው ሰው፣ ሦስተኛው መንግሥት ነው።

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ አድማጮች «የሽያጭ ታክስ» የሚለውን ስም ታስታውሱ ይሆናል። በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የእሱን ቦታ የያዘው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ በገበያ ብዙ ሰው ቫት ይለዋል። ልኩ ከመቶ 15 ነው። ከዚህ ታክስ ነፃ የሆኑ አንዳንድ ዕቃዎችና አገልግሎቶች አሉ። ለታክሱ ያልተመዘገበ ነጋዴም ይህን ታክስ ከደንበኛው ሊቀበል አይችልም። ስለዚህ የዛሬው ምሳሌያችን የተመዘገበ ነጋዴን የሚመለከት ነው።

አሁን ጻፉ። የቁም ሣጥኑ ዋጋ 10,000 ብር። ከመቶ 15 ሲታሰብ ታክሱ 1,500 ብር። ገዢው የሚከፍለው ጠቅላላ 11,500 ብር። ጻፋችሁ? እሺ። ከዚህ ውስጥ 1,500ው በእጃችሁ ያለፈ የመንግሥት አደራ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባል የለ? የቀረው 10,000 ብር የእናንተ ነው፤ የኮሚሽኑም ድርሻ የሚወጣው ከዚሁ ነው።

በአባታችን ደብተር ላይ ያገኘናቸው ስሕተቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ስሕተት ኮሚሽኑን ከጠቅላላው ላይ ማሰብ ነው። ከ11,500 ብር ላይ ከመቶ አምስት ሲታሰብ 575 ብር ይመጣል። ከዋጋው ከ10,000 ብር ላይ ሲታሰብ ግን 500 ብር ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው 75 ብር ምንድን ነው? ከአደራው ገንዘብ ላይ የተከፈለ ኮሚሽን ነው። መንግሥት 1,500ውን ይፈልጋልና ያ 75 ብር የሚሟላው ከባለቤቱ ኪስ ነው። አንድ ቁም ሣጥን ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በሃያ ቁም ሣጥን 1,500 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስትዋዋሉ «ከመቶ አምስት» ብላችሁ አታቁሙ፤ «ታክስ ሳይጨመር ካለው ዋጋ ላይ ከመቶ አምስት» ብላችሁ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ።

ሁለተኛው ስሕተት በደረሰኙ ላይ ነው። ወጣቱ ከገዢው 11,500 ብር ይቀበልና ድርሻውን 500 ብር አስቀርቶ 11,000 ያስረክባል። አባታችን ደግሞ እጃቸው የገባውን አይተው ሽያጩን 11,000 ብለው ይመዘግባሉ። ይህ ልክ አይደለም። ወጣቱ በእሳቸው ስም የሚሸጥ ወኪል ስለሆነ ሻጩ እሳቸው ናቸው። ለገዢው የሚቆረጠው ደረሰኝ ገዢው የከፈለውን ሙሉ ገንዘብ ማሳየት አለበት፤ ዋጋ 10,000፣ ታክስ 1,500፣ ጠቅላላ 11,500። ኮሚሽኑ የገዢው ጉዳይ አይደለም። እሱ የባለቤቱ ወጪ ነው፤ በወጪ ዓምድ ለብቻው ይጻፋል። ሽያጩን ቀንሶ መጻፍ ታክስን መደበቅ ሆኖ ይቆጠራል፤ «አላወቅሁም» ማለትም ከቅጣት አያድንም።

ሦስተኛው ስሕተት ታክስን ከጠቅላላ ገንዘብ ለይቶ ማውጣት ነው። ገዢው «በቃ ታክሱን ጨምሮ 11,500 ልስጥህ» ቢል ታክሱ ስንት ነው? ብዙ ሰው 11,500ን በመቶ 15 ያባዛና 1,725 ይላል። ተሳስቷል። ጠቅላላው 100 የዋጋና 15 የታክስ፣ በድምሩ 115 እጅ ነው። ስለዚህ 11,500ን ለ115 አካፍሉት፤ 100 ይደርሳል። 100ን በ100 አባዙት፤ ዋጋው 10,000 ነው። 100ን በ15 አባዙት፤ ታክሱ 1,500 ነው።

አሁን አንድ አድማጭ፣ «ሻጩስ ራሱ ለታክሱ የተመዘገበ ቢሆን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ደግ ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ አገልግሎት ሰጥቷችኋልና ለእናንተ የራሱን ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ኮሚሽን 500፣ ታክስ 75፣ ጠቅላላ 575 ብር።

ቆይ፣ ቅድም ስሕተት ነው ያልነው 575 ተመልሶ መጣ? ቁጥሩ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው። በመጀመሪያው 75ቱ ብር ያለ ደረሰኝ ወደ ሻጩ ኪስ ገብቶ ቀረ። በሁለተኛው ግን ሻጩ ለመንግሥት የሚያስገባው ታክስ ነው። እናንተም ደረሰኙን ይዛችሁ ከምታስገቡት 1,500 ላይ 75ን ትቀንሱና፣ ሌላ የሚቀነስ ከሌላችሁ 1,425 ትከፍላላችሁ። ደረሰኝ ከሌለ መቀነስ የለም። ሻጩ ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ 500 ብቻ ክፈሉት፤ መቀበሉንም አስፈርሙት።

ደረሰኝ ስትቀበሉ ሳታነቡ ኪሳችሁ አታስገቡ። የሻጩ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የደረሰኙ ተራ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ዋጋው፣ ታክሱና ድምሩ መኖራቸውን በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አንብቡ። ማንበብ የተማርነው ለዚህም ጭምር ነው።

አባታችን አሁን ሁለት የብስኩት ቆርቆሮ አዘጋጅተዋል። ሽያጭ በተፈጸመ ዕለት ታክሱን በአንደኛው፣ ኮሚሽኑን በሁለተኛው ያስቀምጣሉ። ሁለቱ ከተለዩ በኋላ የቀረውን ነው የራሴ የሚሉት። ባንክ የሚቀርባችሁ ለታክሱ ሌላ ሒሳብ ብትከፍቱ ደግሞ ይበልጣል። በውላቸውም ላይ አንድ አንቀጽ ጨምረዋል፤ ኮሚሽን የሚከፈለው ገዢው ከፍሎ ሲጨርስ ነው፤ ዕቃው ከተመለሰ ኮሚሽኑም ይመለሳል። ወጣቱም ደስ ብሎት ፈረመ፤ ድርሻውን ሳይጠይቅ በቀኑ ስለሚያገኝ።

የቤት ሥራ እነሆ። አንድ አልጋ ታክሱን ጨምሮ 6,900 ብር ተሸጠ። ኮሚሽኑ ታክስ ሳይጨመር ካለው ዋጋ ላይ ከመቶ አምስት ነው። ዋጋው፣ ታክሱና ኮሚሽኑ ስንት ስንት ነው? ሠርታችሁ ስትጨርሱ ከዚህ ጋር አመሳክሩ፤ ዋጋው 6,000፣ ታክሱ 900፣ ኮሚሽኑ 300 ብር። ያልመጣለት ሰው አይፈር፤ እንደገና ለ115 ያካፍል።