ከሰንበቴ በኋላ የት ይታደራል?

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል። ቤተ ክርስቲያኗ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከአለት የተፈለፈለች ስትሆን፣ የአገሩ ትውፊት ሥራዋን ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ጋር ያያይዘዋል። ወር በገባ በ21፣ ይልቁንም በጥር 21 በአስተርእዮ ማርያም፣ ማርያም ባለችበት ደብር ሁሉ ዝክር አለ። ቤት የሌለው ሰው ወሩን የሚቆጥረው በዚሁ ነው፦ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም።

በእነዚህ ቀናት መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ሰንበቴ ነው። ሰንበቴ የአንድ አጥቢያ ምእመናን ማኅበር ነው፤ አባላቱ በየእሑዱ ተራ ይገባሉ። ተረኛው ዳቦ ደፍቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ንፍሮ ቀቅሎ (ድካሙ በአብዛኛው የባለቤቱ ቢሆንም ስሙ የእሱ ነው) ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያመጣል። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሲሰናበት አባላቱ ሰንበቴ ቤት ይገባሉ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይባርካሉ፤ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ማን ምን እንደሚደርሰው ይቆጣጠራል። ደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያንም ከዚያው ከተባረከው ዳቦ ይወጣላቸዋል። ጸበል ጸዲቅ ነውና ትርፍራፊ አይባልም።

ነገሩን ከተራ ምጽዋት የሚለየው ግን ባራኪው ራሱ ነው። ካህኑ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ከነበረ፣ ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሏል። ቅኔውንም ዜማውንም የተማረው በሰው ቁራሽ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ለምኖ መብላት የብዙ ሊቅ የሕይወት ታሪክ አካል ነው፤ ሰጪና ተቀባይም እምብዛም አይራራቁም።

ለሌሊቱም ድሮ መፍትሔ ነበር። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ ሲጣራ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባልና ይገባል። ገና ሲደርስ ላሊበላ ይህን ልማድ ዛሬም ታሳያለች፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ምእመን የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ ያበላዋል። ብዙው ግን የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ የሚቀረውስ? ኮሮና ቱሪስቱን አስቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ድረስ መጣ። በእንግዳ ይተዳደር የነበረ ቤት ኪራዩን መክፈል ሲያቅተው የሌላ ሰው እንግዳ መቀበል ይከብደዋል።

የሰንበቴ ድክመት እዚህ ላይ ይታያል። ድርሻው ደጅ ለደረሰ ብቻ ነው፤ የወደቀና አእምሮውን የታመመ አይደርስበትም። በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የአዲስ አበባው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሥርዓቱን ገልብጦታል፦ ራሱ ጎዳና ወርዶ ያነሣል፣ ያጥባል፣ ያስተኛል። ስሙም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ጳውሎስን ተሻግሮ እንዲረዳ የለመነውን የመቄዶንያ ሰው ያስታውሳል። የሚገርመው፣ ከተሜው ልደቱንም፣ ሠርጉንም፣ የሙት ዓመቱንም ድግስ ይዞ ወደዚያ መሄድ ለምዷል። ዝክሩ አድራሻ ቀየረ እንጂ አልቀረም።

በላሊበላ ዙሪያ ላለው የላስታ ገጠር ይህን ያህል ግቢ መመኘት አያስፈልግም። በብዙ ደብር ሰንበቴ ቤቱ ከእሑድ እስከ እሑድ ተቆልፎ ይከርማል። ጣራ አለው፤ ተራ የማውጣት ልምዱም አለ። በዳቦው ተራ ላይ የማገዶ፣ የብርድ ልብስና የአዳሪ ጠባቂ ተራ ቢጨመርበት ለአሸተን ዓይነት ብርድ ብዙ ነው። የሚከብደው ሕመምተኛው ነው፤ እሱ መድኃኒትና ክትትል ይፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ሙሴውን ከጤና ጣቢያው ጋር መነጋገር ያስገድደዋል።