ካይሎማይክሮን፦ አንጀት የሚጭነው ስብ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ሳምንታት የመንዝ ሰው የገብስ እንጀራ፣ ቆሎና በሶ፣ የባቄላና የምስር ወጥ ላይ ይከርማል፤ ቅባት ካለም የኑግ ዘይት ነው። በፋሲካ ሌሊት ግን ሆድ በተልባ ከለሰለሰ በኋላ ዶሮው፣ ንጥር ቅቤውና የመንዝ በግ ከነላቱ ይከተላሉ። ያን ጊዜ ሥራ የሚበዛበት ጉበት ይመስለናል። ቀድሞ የሚጨነቀው ግን ትንሹ አንጀት ነው።

ስብ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ቅቤውን መጀመሪያ ሐሞት ይበታትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣው ኢንዛይም ይቆራርጠዋል፤ ቁርጥራጩም ወደ አንጀት ሕዋስ ይገባል። ኮሌስትሮል የሚገባበት የራሱ በር አለው፤ ኢዜቲሚብ የሚባለው መድኃኒት የሚዘጋውም ይህንኑ በር ነው። ሕዋሱ ውስጥ ስቡ እንደገና ይገጣጠምና አፖ-ቢ-48 በተባለ ፕሮቲን ላይ ይጫናል። ጉበት ከዚያው ዘረ-መል ሙሉውን አፖ-ቢ-100 ይሠራል። አንጀት ግን በመልእክቱ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ለውጦ ፕሮቲኑን ከመቶ 48 ላይ ይቆርጠዋል። ይህ የታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከዛሬም ከሚገርሙኝ የሰውነት ብልሃቶች አንዱ ነው።

ተጭኖ ያለቀው እንክብል ካይሎማይክሮን ይባላል። ለደቃቅ ደም ሥሮች ስለሚገዝፍባቸው በሊምፍ መስመር ሽቅብ ወጥቶ ግራ ትከሻ አጠገብ ካለው ትልቅ ደም መልስ ይቀላቀላል። የበላነው ስብ አብዛኛው ጉበትን ሳይረግጥ ልብ የሚደርሰው በዚህ ነው። ጡንቻና የሰውነት ስብ ድርሻቸውን ያራግፋሉ፤ ኮሌስትሮሉን የያዘው ቅሪት ጉበት ይገባል። ቅባት ከበዛበት ገበታ 3 ወይም 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ የተቀዳ ደም ሲረጋ፣ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ላቦራቶሪዎች «ሳይበሉ ይምጡ» የሚሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቅቤና ላት ግን እዚህ ላይ ይለያያሉ። በቅቤ ውስጥ ያሉት አጫጭር የስብ አሲዶች ጭነት አያስፈልጋቸውም፤ በቀጥታ በደም ወደ ጉበት ያልፋሉ። የላት ስብ ረዣዥም ስለሆነ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ በካይሎማይክሮን ይጫናል። የስቡ መጠን ሲጨምር አንጀት ከቁጥሩ ይልቅ የእያንዳንዱን እንክብል ግዝፈት ያሳድጋል።

ኮሌስትሮሉስ? በቀን አንጀት ከሚደርሰው ኮሌስትሮል የሚበዛው ከገበታ የመጣ አይደለም። ሐሞት ራሱ ወደ 1 ግራም ያህል ያፈስሳል፤ ከምግብ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ሲሶ አካባቢ ነው። ከጠቅላላው በአማካይ ግማሽ ያህሉ ይመጠጣል፤ ከሰው ሰው ግን በጣም ይለያያል። ስለዚህ በሁዳዴም ቢሆን አንጀት ኮሌስትሮል መጫኑን አያቆምም። በዘይት ጠርሙስ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ የሚለጠፈውም ብዙ አያስደንቅም፤ የትኛውም የዕፅዋት ዘይት እንዲህ ነው። ይልቅ መጠየቅ ያለበት ዘይቱ በብርድ ይረጋል ወይ የሚለው ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ይህ ስብ ጉበት ኤልዲኤል የተባለውን የኮሌስትሮል እንክብል ከደም እንዳይለቅም ያዳክመዋል። የኑግ ዘይት ግን አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ በመንዝ ውርጭም በቀላሉ አይረጋም።

ምግብ ብቻውን አንጀትን አያዝም። ኢንሱሊን አንጀትን «ቀንስ» ይለዋል፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ ግን አንጀት ትእዛዙን ችላ ብሎ ባልተበላ ሰዓትም ካይሎማይክሮን ያበዛል።

ወደ ገብስ እንመለስ፤ የደጋው ሰው ዋና ሀብት እሱ ነውና። ገብስ ውስጥ ቤታ-ግሉካን የሚባል፣ ከውሃ ጋር የሚዝለገለግ አሰር አለ። አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮል ከደም ይስባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2006 እ.ኤ.አ. በቀን 3 ግራም ቤታ-ግሉካን ከገብስ ማግኘት የልብ በሽታን ስጋት ሊቀንስ እንደሚችል በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። የስንዴ አሰር አብዛኛው በልጣጩ ነው፤ የገብስ ቤታ-ግሉካን ግን በፍሬው ውስጥ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ ገብሱ ተፈትጎ ገለባው ቢነፋም አብዛኛው ቆሎው ላይ ይቀራል። በጾም በሶው በውሃ ይጨበጣል። በፋሲካ በቅቤ ይታሻል፤ ያን ጊዜ ገብሱና ጭነቱ አብረው ይወርዳሉ።