ስለ ሰንሰል፤ የአጥር አበባና የቤት መድኀኒት

ማንኪራ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ቡናን ነው። በከፋ፣ በቦንጋ አቅራቢያ ያለው ይህ ቀበሌ የቡና መገኛ እየተባለ ስለሚጠራ፣ የከፋ ደንም እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ስለ ገባ፣ ይህ አያስደንቅም። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናወሳው በየግቢው አጥር ስለሚታየው ቍጥቋጦ ስለ ሰንሰል፣ በሌላ ስሙ ስለ ስሚዛ ነው።

ሰንሰል ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚበቅሉ፣ ነጭ አበባው ሁለት ከንፈር ያለው አፍ የሚመስል፣ ንብም የሚቀስመው ተክል ነው። ከብት እምብዛም ስለማይበላውና ቅርንጫፉ ተቈርጦ ቢተከል ስለሚጸድቅ ለአጥር ተመርጧል። የሳይንስ ስሙ ጁስቲሺያ ሺምፔሪያና ሲሆን፣ ይህም በ19ኛው መቶ ዓመት በትግራይ ተቀምጦ ዕፀዋት ይሰበስብ የነበረውን ጀርመናዊ ቪልሄልም ሺምፐርን ያስታውሳል።

በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ሰንሰል ለወፍ በሽታና ላበደ ውሻ ንክሻ ይሰጣል። ታዲያ ይፈውሳልን? ተክሉን መናቅ አይገባም፤ ከሕንዳዊው ዘመዱ ቫሲሲን የሚባል ንጥረ ነገር ተገኝቶ፣ ብሮምሄክሲን ለተባለው የሳል መድኀኒት መነሻ ሆኗልና። ነገር ግን «ጠጥቶ ዳነ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታ ብዙ መነሻ አለው፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የጉበት ብግነት «ኤ» አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይለቃል። በዚያ ጊዜ የተጠጣ ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ሁለተኛ፣ የነከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ያበደ ውሻ የነከሰውም ሰው ሁሉ አይታመምም። በሽታው የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ሰውየው የዳነ ይመስላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል።

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ክትባት ለሰው ከሰጠ ወዲህ መከላከያው ታውቋል፤ ይኸውም ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይዘገዩ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እንግዲህ የአባቶቻችንን የመድኀኒት ዕውቀት መዝግበን በላቦራቶሪ መመርመር የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው። ምርመራው እስኪፈጸም ድረስ ሰንሰል አጥሩን ያስጊጥ፤ የተነከሰ ሕፃን ግን አጥር ሥር ቅጠል ሲፈለግለት ጊዜው አይለፍበት።