ጫጩት እንዲወጣ እንቁላሉ ምን ያህል ይድረቅ?

የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን የገዛ ሰው በመመሪያው ላይ ሁለት የእርጥበት ቁጥሮች ያገኛል፤ ለመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ65 በመቶ በላይ። ቁጥሮቹ ስህተት የለባቸውም። የሚናገሩት ግን በማሽኑ ውስጥ ስላለው አየር ነው፤ ጫጩቷን የሚያድናት ወይም የሚገድላት ከእንቁላሉ ተንኖ የወጣው የውሃ መጠን ነው። ስለዚህ እርጥበትን በአግባቡ ለመቆጣጠር ከእርጥበት መለኪያው ይልቅ ሚዛንን ማመን ይሻላል።

እንቁላል ውሃ ማጣቱ ጉዳት መስሎ የሚታያቸውና ውሃ የሚያበዙ አሉ። ፅንሱ የአስኳሉን ስብ ለጉልበት ሲያቃጥል አዲስ ውሃ ይፈጠራል፤ ይህን የሚያህል ውሃ በሺዎች በሚቆጠሩት የቅርፊቱ ቀዳዳዎች ካልወጣ ጫጩቷ አብጣ ትቀራለች። ውሃው የለቀቀውን ቦታ በእንቁላሉ ወፍራም ጫፍ በኩል አየር ይይዘዋል። በ20ኛው ቀን ገደማ ጫጩቷ ገለፈቱን በስታ የመጀመሪያ ትንፋሿን የምትስበው ከዚህ የአየር ኪስ ነው፤ ኪሱ ከጠበባት ታፍና ትሞታለች። በአንጻሩ ውሃው ከልክ በላይ ከወጣ ገለፈቱ ደርቆ ይጣበቅባትና መዞር ያቅታታል። ጥሩ የሚባለው እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ከመነሻ ክብደቱ 12 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ነው።

በእኛ ደጋ የመመሪያው ቁጥር ብቻውን የማይበቃበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። የአየር ግፊት ባነሰ ቁጥር ተን በቀዳዳዎቹ ቶሎ ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ በተመሳሳይ ሙቀትና እርጥበት ያው እንቁላል እዚህ 30 በመቶ ያህል አብልጦ ውሃ ያጣል። «ክረምት ስለሆነ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው» የሚለው አባባልም ያሳስታል፤ በ15 ዲግሪ 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37.5 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 21 በመቶ ያሽቆለቁላል። ታዲያ ለደጋ ሌላ ቁጥር ቢወጣለትስ? እሱም አይበቃም። ኸርማን ራንና ባልደረቦቹ በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወፎች እንቁላል የቀዳዳዎቹ ጠቅላላ ስፋት ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ እንቁላልና ደጋ ላይ የተጣለ እንቁላል አንድ ማሽን ውስጥ ቢገቡ እንኳ እኩል ላይደርቁ ይችላሉ።

ሚዛን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። እያንዳንዳቸው በአማካይ 60 ግራም የሚመዝኑ 30 እንቁላሎች ድምራቸው 1,800 ግራም ነው። በ18ኛው ቀን 216 ግራም፣ በ6ኛው ቀን ደግሞ 72 ግራም ቀንሰው መገኘት አለባቸው። በ6ኛው ቀን የቀነሱት 100 ግራም ከሆነ አየሩ ደርቋል ማለት ነውና ሰፋ ያለ የውሃ ዕቃ ይግባ፤ ለእርጥበቱ ወሳኙ የውሃው ጥልቀት ሳይሆን የገጹ ስፋት ነው። የቀነሱት 45 ግራም ብቻ ከሆነ ዕቃው ይጥበብ። ለሚዛን ብሎ ማሽን መክፈት እንቁላሉን ያቀዘቅዛል የሚል ስጋት ይነሳል፤ የታቀፈች ዶሮም ግን ለመብላትና ለመጠጣት ትነሳለች፣ ጥቂት ደቂቃ አይጎዳም። ሚዛን የሌለው ጨለማ ክፍል ውስጥ በስልኩ መብራት እንቁላሉን አሳልፎ ቢያይ የአየር ኪሱ ማደግ አለማደጉን ይረዳል፤ ዳሩ ግን ይህ ግምት ነው።

የእርጥበት መለኪያው ዋና ጥቅም ከ18ኛው ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ ክብደት መከታተል ያበቃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ፈትሹት፤ በጥቂት ውሃ ከራሰ የምግብ ጨው ጋር ጥብቅ ብሎ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። የመጀመሪያዋ ጫጩት ቅርፊቱን ከሰበረች በኋላ ደግሞ ክዳኑን አትክፈቱ፤ በከፈታችሁት ቁጥር የሚያመልጠው እርጥበት ገና በመውጣት ላይ ያሉትን ሌሎቹን ገለፈት ያደርቅባቸዋል።